ድሪቶ ያልተሰለፈችበት ቅዳሜ

ባለፉት ሳምንታት አብራችሁኝ ለነበራችሁ ብዙ አልደግምም። ዛሬ ገና ለመጣችሁ ግን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ሰው ግራ ተጋብቶ ሲያነብ ደስ አይለኝም።

እኔ የላውንደሪ ሠራተኛ ነኝ። መርፌ ይሉኛል፤ ቀጭን ስለሆንኩ ይሁን ስለምወጋ የሚሉኝ ያውቃሉ። የምወደው ሰው የዓይን ሐኪሟ ልጅ ነው። ዓይናፋር ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን የእናቱን ነጫጭ ጋውኖች ይዞ ሲመጣ «ለሰኞ ይደርሳል?» ብሎ የጠየቀው እኔን ሳይሆን ካውያውን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን፤ እስካሁንም እኔን ከማየቱ በፊት ጫማውን ያያል።

የምንጻጻፈው በእናቱ ጋውን ኪስ ነው። ሐሙስ የቆሸሸውን ያመጣል፤ ኪሱ ውስጥ ወረቀት አለ። ሰኞ የተተኮሰውን ይወስዳል፤ ኪሱ ውስጥ ወረቀት አለ። ስልክማ ሁለታችንም አለን። ግን በስልክ የምንጨቃጨቀው ስለ ጨዋታው ስለሆነ ለፍቅሩ ወረቀት ይሻላል ብለን ነው።

ጨዋታው ደግሞ እንዲህ ነው። በስልካችሁ ፍጡራን ታሳድጋላችሁ፣ ታሠለጥናላችሁ፣ ከሌላው ሰው ፍጡራን ጋር ታዋጋላችሁ። በጥንድ ውድድር ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት ይዘው ይገባሉ፤ ስድስቱ አንድ ቡድን ናቸው። የዓይናፋር ሦስቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሙያ ብቻ ነው ያላቸው። ግድግዳ ይመክታል እንጂ አይመታም። ጦር አንዴ ከመታ ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ አንድ ጥፊ ካረፈበት ግን አበቃለት። ንፋስ ከመቅደም በቀር ምንም አያውቅም። የእኔዎቹ ፍም፣ ኩሬ እና ድሪቶ ናቸው።

ድሪቶ ውሻም ፍየልም የማትመስል፣ ግራጫ ላይ ቡኒ የተጣፈባት፣ አንድ ጆሮዋ የወደቀ ፍጡር ናት። ትንሽ ታክማለች፣ ትንሽ ትመክታለች፣ ትንሽ ትሮጣለች፣ ሲቸግር ደግሞ ትነክሳለች። በምንም አንደኛ አይደለችም። ያየ ሁሉ ይስቅባታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓቴ ያሳደግኳት እሷን ነው። ባለፈው ግጥሚያ ጦር ተዘርሮ፣ ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሊሄድ ሲል እሷ ናት አንዱን አንስታ ሌላውን ሸፍና ያወጣችን። ያለ እሷ አሸንፈን አናውቅም።

ቅዳሜ የመጨረሻው ግጥሚያ ነበር። የሚያሸንፉትን ጥንዶች የጨዋታው ሠሪዎች ሩቅ ወዳለው ከተማቸው ወስደው ይቀጥሯቸዋል፤ ሥራ ከነቤቱ። ለሌላው ሰው ይህ ዋንጫ ነው፣ ለእኛ ኑሮ ነበር። እናቱ በሚቀጥለው ወር የእሷን ሙያ እንዲማር ልትልከው ጨርሳለች፤ አምስት ዓመት፣ ባሕር ማዶ። እኔ ደግሞ አባቴን ትቼ የትም አልሄድም። እግሩ አልታዘዝ ካለው ቆየ፤ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ዓመት ሙሉ መሬት አልረገጠም። ካሸነፍን ግን ሁለታችንም ደሞዝተኛ እንሆናለን፣ አባዬም የራሱ ክፍል ይኖረዋል፣ ማንንም ሳናስፈቅድ እንጋባለን። ነገሩ ይኸው ነው።

*

ሐሙስ ዕለት ጋውኖቹን ይዛ የመጣችው ራሷ ዶክተሯ ናት።

የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ሊነሱላት ሲሉ በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው። ረጅም ሴት ናት። ስትናገር ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ ሌላው ሰው ነው ዝቅ የሚያደርገው። ጋውኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እንዲህ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም። ውስጤ የተሰበረ ነገር ቢኖር ታገኘው ነበር።

«መርፌ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ዶክተር።»

«እዚህ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ሁሉንም ነው። አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ የተቀደደ እጠቅማለሁ፣ እድፍ አስለቅቃለሁ…»

«ካንቺ በፊት ማን ነበር የሚሠራው?»

እትዬን አየኋቸው። «ሌላ ልጅ ነበረች» አልኩ።

«ከእሷ በፊትስ?»

«ሌላ።»

ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልተሳለቀችም። ብትሳለቅ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ ስለ ጨዋታችሁ አስረድቶኛል» አለች። «የጅል ጨዋታ አይደለም፤ ቡድን የመምረጥ ጉዳይ ነው። እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። እኔ የማክመው ዓይን ብቻ ነው። ጥርሴን ቢያመኝ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፌ እታከማለሁ። ሰው ሦስት ቀን ተጉዞ እኔ ጋ የሚመጣው ሌላ ነገር ስለማልሠራ ነው። የልጄን ሦስቱን አየኋቸው፤ ጥሩ ናቸው። ያንቺንም ሁለቱን አየሁ፤ ይሁን። ያቺ ስድስተኛዋ ግን ምንድን ናት?»

«ድሪቶ ናት።»

«ስሟ ይበቃል።»

እትዬን ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ አፈሩ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል ዶክተር» አልኩ።

«የማይሰበር ባላ ያለው ሰው ሁለት አይተክልም። ቀዶ ጥገና ክፍሌ ትንሽ ትንሽ ሁሉን የሚያውቅ ሰው አላስገባም። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ቦታ ይይዛል።» ቦርሳዋን አነሳች። «ልጄ ይህን አይነግርሽም። ሰው ማስቀየም አይችልበትም፤ ከልጅነቱ እንዲህ ነው። ዝም ብሎ ይሸከማል።»

ሄደች። ያወራችው ስለ ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያመመው ግን እኔን ነው።

ላውንደሪ ቤት ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ኪሱ ሳይፈተሽ ውሃ የሚነካ ልብስ የለም። እጄ በልማዱ ሄደ። ሦስተኛው ጋውን ኪስ ውስጥ ወረቀት ነበር። በአራት የታጠፈ፣ ጠርዙ በጥፍር የተጫነ፤ የእሱ አጣጠፍ ነው። እናቱ ራሷ እንደምታመጣው ሳያውቅ ቀድሞ ከቶት ነበር ማለት ነው።

አላወጣሁትም።

ያኔ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። በአፉ የማይነግረኝን በወረቀት ሊነግረኝ ነው አልኩ። በዚያ ለስላሳ አነጋገሩ «ድሪቶን ብትተያት ምን ይመስልሻል» ሊለኝ ነው አልኩ። በእሱ እጅ ጽሑፍ ከማነበው እኔው ቀድሜ አደርገዋለሁ፤ ቢያንስ ክብሬ ይተርፈኛል። ጋውኑን ሳላጥበው፣ ባለቤቶቻቸው ከረሷቸው አሮጌ ካፖርቶች ኋላ ሰቀልኩት።

*

አርብ መብረቅ የሚባል ፍጡር አሠለጠንኩ። መብረቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ይመታል። አንድ ነገር ብቻ ማስተማር እንዴት ቀላል ነው! ድሪቶ ሁለት ዓመት ፈጀችብኝ፤ ለመብረቅ አንድ ቀን በቃው። ዓይናፋር ሁለቴ ደወለ፣ አላነሳሁም። «ልምምድ ላይ ነኝ፣ ነገ እንገናኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

«እሺ የኔ መርፌ። ጋውኑ ደርሶሻል አይደል?» አለ።

«ደርሶኛል» አልኩ። ይህቺም አንዷ ውሸት ናት፤ ግማሽ እውነት ስላለባት አልቆጠርኳትም።

አባዬ አልጋው ላይ ተደግፎ ሲያየኝ ነበር። «ያቺን ጆሮዋ የወደቀውን የት አደረግሻት?» አለኝ።

«አሳረፍኳት።»

«ታመመች?»

«አልታመመችም አባዬ። አትጠቅምም።»

ሃያ ስምንት ዓመት መኪና የነዳለት መሥሪያ ቤት እግሩ ሲታመም እንዴት እንደሸኘው አውቃለሁ። መንዳት ካልቻለ ሌላ ሥራ እንዲሰጡት ለምኖ ነበር።

«እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ እንባዬ ቀረበ። ግን ልቤ ደንድኖ ነበር፤ አፍሬም አልተመለስኩም።

*

የውድድሩ ሕግ እንዲህ ነው። ጥንዶቹ በአዳራሹ ሁለት ጫፍ፣ በተለያየ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው የሦስት ፍጡራቸውን ስም ይጽፋሉ፤ ዳኛው ያሽገዋል። ከታሸገ በኋላ መቀየር የለም። ግጥሚያው እስኪያልቅም ለአጋር አንዲት ቃል መተንፈስ የለም። እርስ በርስ የሚተማመን ጥንድ እንዲለይ ነው ይላሉ።

ከመለያየታችን በፊት በር ላይ ተገናኘን። እኔው የተኮስኩትን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጫማውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግታው «አነበብሽው አይደል?» የሚል ነበር። እኔም መልሼ ፈገግ አልኩ። ሰው አፉን ሳይከፍት ስንት ይዋሻል!

ጠረጴዛዬ ላይ ፍም ብዬ ጻፍኩ። ኩሬ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። ዳኛው ሰዓቱን አየ። መብረቅ ብዬ ጻፍኩ፤ አሸገው።

ስድስቱ ስም በትልቁ ስክሪን ሲወጣ ከማዶ የዓይናፋርን ፊት አየሁት። አንዴ አነበበ። የተሳሳተ መስሎት ደግሞ አነበበ። ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ ጫማውን ሳያይ፣ በቀጥታ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ገበያ መሃል የእናቱ እጅ የጠፋበት ሕፃን ዓይን ነበር።

ተጋጣሚዎቻችን ጫማ የሚሸጡ ሁለት ሳቂታ እህትማማቾች ነበሩ። ቀድመው ያወጡት ጭቃ የሚባል ፍጡር ነው። ጭቃ መብረቅን ይውጠዋል፤ በተመታ ቁጥር ይወፍራል። የእኔ መብረቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው ብያችኋለሁ፤ ያችኑ አንዷን ደጋገማት፣ ጭቃም ወፈረ። በሁለተኛው ተራ ጦር ጥፊዋን ቀመሳት። በሌላ ቀን ቢሆን ድሪቶ ትደርስለት ነበር። ግድግዳ ብቻውን መከተ፣ መከተ፣ የሚያክመው ቢያጣ ፈረሰ። ንፋስ ቀደመ፤ ቀድሞስ ምን ሊያደርግ? ፍምና ኩሬ የቻሉትን ያህል ታገሉ። ሁሉም በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ።

አተርፍ ባይ አጉዳይ እንዲሉ ሆንኩ። እህትማማቾቹ ተቃቅፈው ሲዘሉ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ማጨብጨቤን ያወቅኩት መዳፌ ሲያቃጥለኝ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ።

«ለምን?» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረበትም።

«ጠንካራ ያስፈልገናል ብዬ…»

«ደብዳቤዬስ?»

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። የሚወድቅ ሰው ግን ያገኘውን ነው የሚይዘው።

«የቱ ደብዳቤ?» አልኩ።

ሐሳቡ ሲገጣጠም ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ጋውኑ ደርሷል፣ ደብዳቤው የለም፣ ጋውኑን ያመጣችው እናቱ ናት።

«እናቴ» አለ በቀስታ። «እናቴ ናት የወሰደችው።»

አላረምኩትም። ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። እጄን በሳመኝ ቦታ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ እንደዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

*

ከአዳራሹ በቀጥታ ላውንደሪ ሄድኩ። እትዬ የሸሚዝ ቁልፎች ሲለዩ ነበር፤ ሰላምም አላልኳቸው። ካፖርቶቹን ገፍቼ፣ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቼ፣ ቆሜ አነበብኩት።

«መርፌዬ፤

እናቴ ስለ ድሪቶ ስትጨቀጭቀኝ ሰነበተች። ለዓይን ልክ ናት። ለእኛ ግን ልክ አይደለችም። በአፌ ሳስረዳት ተንተባተብኩ፤ ላንቺ ግን ልጻፈው። የእኔ ሦስቱ አንድ አንድ ነገር ብቻ ይዘው መዋል የቻሉት ድሪቶ ስላለች ነው። እሷ ባትኖር ሦስት ጎበዝ ሬሳ ናቸው። እናቴም ዓይን ብቻ ማየት የቻለችው ሌላውን ሁሉ የሚያይላት ሰው ስላለ ነው፤ ይህን ትረሳዋለች።

ማንም ምን ቢልሽ ዝርዝርሽን እንዳትነኪ። እኔ የእኔን ሦስት የምጽፈው ያንቺን ሦስተኛ እያሰብኩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ካሸነፍን ለአባትሽ ደረጃ የሌለው ቤት እንጠይቃለን። ብንሸነፍም ቅዳሜ ከቤት ስገባ ለእናቴ እነግራታለሁ። አልሄድም፣ እሷን ነው የማገባው እላታለሁ። ውድድሩ ቢሳካ ደስ ይለኛል። ግን እኔ አንቺን የመረጥኩሽ በውድድር አይደለም።

ዓይናፋር»

ብንሸነፍም ይላል። እሷን ቃል እየደጋገምኩ ከካፖርቶቹ ሥር ቁጭ አልኩ። ዓለምን ሁሉ ሰጥቶኝ በአራት አጥፎ ኪስ ውስጥ አስቀምጦልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳልከፍተው ሰቀልኩት።

እትዬ መጥተው ከአጠገቤ ቆሙ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

«ልጁ እናቴ ናት ነው ያለው?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«እትዬ!»

«ምን እትዬ እትዬ ትይኛለሽ? ሴትዮዋ አንድ እድፍ ቢጨመርባት አትሞትም። ይወድሻል፣ ትወጂዋለሽ። ወረቀቱን ለውሃ ስጪና አፍሽን ዝጊ። እኔ ለባሌ ስምንት ዓመት ቀንሼ ዕድሜዬን ነግሬው ሠላሳ ዓመት በሰላም ኖሬያለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ወረቀቱን ለውሃ አልሰጠሁትም። ልብሴ ውስጥ ደረቴ ላይ አደረግኩት። እሁድን ሙሉ ሲቆረቁረኝ ዋለ። አባዬ «ተሸነፋችሁ?» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ፤ «ልጁስ ምን አለ?» ሲለኝ ግን ውሃ ላምጣልህ ብዬ ተነሣሁ።

*

ሰኞ ጠዋት በሩን ገና ከመክፈታችን ሻንጣ ይዞ ገባ። ጸጉሩ አልተበጠረም፤ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፏል። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው ግን የሚያስፈራ ነበር።

«ወጣሁ» አለኝ። «አልሄድም አልኳትና ወጣሁ። ጓደኛዬ ስልክ መጠገኛ ቤት ሥራ ሰጠኝ። ከኋላው ክፍል አለው፣ ከመሬት ጋር እኩል ነው፣ አንድ ደረጃ የለውም። አባትሽን ዛሬውኑ ተሸክሜ ማውረድ እችላለሁ። መርፌ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ።»

«ሌባ አልኳት።»

ካውያው እጄ ላይ ቆመ።

«የሰው ኪስ ትበረብሪያለሽ፣ የሰው ወረቀት ትሰርቂያለሽ አልኳት። ኪስ አልነካሁም አለች። ማለች። እናቴ ምላ አታውቅም፣ ማለችልኝ። አላመንኳትም። አለቀሰች…» ድምፁ ተሰበረ፤ ቶሎ ሰበሰበው። «አባቴ የሞተ ቀን እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ይሁን! ከእንግዲህ እናት የለኝም ብያት ነው የወጣሁት።»

እትዬ ከወዲያ ጥግ ዓይናቸውን አፍጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

የፈለግኩት ሁሉ እፊቴ ቆሟል። ሰውዬው አለ፣ ክፍሉ አለ፣ ለአባዬም የሚረግጠው መሬት አለ። ከእኔ የሚጠበቀው ዝምታ ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ሥራም አይደለም። ያቺን ረጅም ሴት ጠልቻት ነበር። እውነቴን ነው የምነግራችሁ፣ አለቀሰች ሲለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ቀጥሎ ግን ባልሠራችው ነገር ለገዛ ልጇ ስትምል፣ ልጇም በሩን ሲዘጋባት ታየችኝ። እሱን ደስታ ማለት አልቻልኩም።

ካውያውን ነቀልኩ። ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ የተተኮሱት ሸሚዞች ላይ አስቀመጥኩት።

አጣጠፉን አወቀው። «ከየት መጣ? መለሰችልሽ?»

«እናትህ አልነካችውም። ሐሙስ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«ሐሙስ?»

«በእጄ ዳስሼዋለሁ። ያንተ እንደሆነም አውቄያለሁ። ሳላነበው ሰቀልኩት። ኮሪደሩ ላይ ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸሁህ።»

ሻንጣው ከእጁ ወርዶ እግሩ ሥር ተቀመጠ። ማሽኑ ውስጥ ልብስ ይሽከረከር ነበር።

«ለምን አላነበብሽውም?»

«ድሪቶን ተያት ይላል ብዬ ፈራሁ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንዲህ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም።»

«ፊቴ ላይስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እናቴ አሥር ደቂቃ ስላወራችሽ…»

«አሥር ደቂቃ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ፤ አልተቆጣጠርኩትም። «ትምህርት ቤትም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ከዚህ በፊት የሠራሁበትም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ሁሉን ትነካለች፣ በምንም አትጠቀስም። እናትህ የመጨረሻዋ ናት እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አንተም ቀን ቆጥረህ እንደምትለኝ ነበር የምጠብቀው!»

ይህን ሲሰማ ሊነካኝ እጁን ዘረጋ። እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«አንብበሽው፣ ዓይናፋር አልስማማም ብለሽ መብረቅን ብትጽፊ፣» አለ፣ «አብሬሽ ተሸንፌ አብሬሽ እስቅ ነበር። መሸነፉ አይደለም የኔ እመቤት። የምለውን ሳትሰሚ ፈረድሽብኝ። እኔ ደግሞ እናቴ የምትለውን ሰምቼም ፈረድኩባት። የኔ ይብሳል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ለምን ነገርሽኝ?» አለ ድንገት፣ እንደ መለመን ብሎ። «ዝም ብትይ አላውቅም ነበር እኮ።»

«የማልሠራው ሥራ የለም፤ ታውቃለህ» አልኩት። «ይህችን ግን አልቻልኳትም።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ከጠረጴዛው ወዲህ ቆሜ አላቀፍኩትም፤ መብቱ ያለኝ አልመሰለኝም።

«እናቴ ጋ መሄድ አለብኝ» አለ ሲረጋጋ።

«ከዚያስ?»

«ይቅርታ ካደረገችልኝ የምትልከኝ ቦታ የምሄድ ይመስለኛል። እዚህ ብቀር አንቺን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የእሷ ለቅሶ ነው። እወድሻለሁ። እሱን አትጠራጠሪ፤ እሱን እንኳን አትጠራጠሪ።»

«አልጠራጠርም» አልኩ። ያመንኩት ያኔ ነው፤ ረፍዶ።

ሻንጣውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ጀርባውን እንደሰጠኝ «አባትሽን ሰላም በይልኝ» አለና ወጣ።

እውነት መናገር ያቀልላል ይላሉ። እኔን አላቀለለኝም። መንገዱን እስኪሻገር በመስታወቱ አየሁት። ሮጬ ክንዱን ብይዘው ይቆም እንደነበር ዛሬም አስባለሁ፤ ግን ከቆመ በኋላ ምን እለዋለሁ?

እትዬ ከጥጋቸው ተነሥተው መጡ። አንቺ ጅል ብለው ይጀምሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ካውያውን መልሼ ልሰካው?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ፤ እሺ ይሁን አይሆንም እኔም አላውቅ። ከዚያ ሸሚዞቹ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እትዬም እንደ ልማዳቸው አላሾፉብኝም።